ለቤተሰብ መኪናችሁ የትኛው ፖፕ-አፕ ካምፐር? ክብደትና ፍሬን ሲነጻጸሩ

ፖፕ-አፕ ካምፐር (ተጣጥፎ ከመኪና ኋላ የሚጎተት፣ ካምፕ ሲደርስ የሚከፈት ማደሪያ) ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ቀድሞ የሚነግራችሁ የባዶውን ክብደት ነው። «1,600 ፓውንድ ብቻ ነው፣ የትኛውም መኪና ይጎትተዋል» ይላችኋል። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ባዶ ካምፐር ይዞ ካምፕ የሚወጣ ሰው የለም። ውሃው አለ፣ ጋዙ አለ፣ ባትሪው አለ። ብርድ ልብሱ፣ ከሰሉ፣ የእንጀራው ማቀዝቀዣ፣ የጀበናው ሣጥን፣ የልጆቹ ብስክሌት አለ። ሁሉም ሲጫን ያ 1,600 በቀላሉ 2,200 ይሆናል።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለምትኖሩና በቤተሰብ መኪናችሁ ካምፕ ለመውጣት ለምታስቡ ነው። ምሳሌዎቼ ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አካባቢ ናቸው። መኪኖቹም በየፓርኪንጉ የምናያቸው ሲዬናና ራቭ ፎር ናቸው። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። መጀመሪያ የሚታየው መኪናችሁ ነው። ቀጥሎ ፍሬኑ። ካምፐሩ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ግን መጀመሪያ ካምፐሩን ይወድና ከዚያ መኪናው እንዲችልለት ይመኛል።

መኪናችሁ ስንት ይችላል?

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አንደኛው መኪናው የሚጎትተው ከፍተኛ ክብደት ነው። ይህ ማንዋሉ ላይ አለ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው መኪኖች እንኳ እኩል አይደሉም። ከ2019 እስከ 2025 የወጣውን ራቭ ፎር ውሰዱ። ተራው የቤንዚን ሞዴል 1,500 ፓውንድ ነው። ሃይብሪዱ 1,750 ነው። አድቬንቸር የሚባለው ደግሞ 3,500 ይጎትታል። ከውጭ ስታዩአቸው ግን ያው ራቭ ፎር ናቸው። ከ2021 ወዲህ ያለው ሲዬና 3,500 ነው። ሆንዳ ኦዲሲም 3,500 ነው። ሲአር-ቪ ቢበዛ 1,500 ነው። ባለ ቪ6 ሃይላንደር 5,000 ሲደርስ ሃይብሪዱ 3,500 ላይ ይቆማል። የእናንተን ልክ ከጎረቤት ወይም ከኢንተርኔት አትውሰዱ። የራሳችሁን ማንዋል ግለጡ።

ሁለተኛውን ቁጥር ብዙ ሰው አያየውም። የሾፌሩን በር ክፈቱ። ምሰሶው ላይ የጎማ ንፋስ ልክ የተጻፈበት ስቲከር አለ። እዚያው ላይ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ ፓውንድ አይለፍ የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ካምፐር የሚጎትት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልፈው ይህን ልክ እንጂ የመጎተቻውን ልክ አይደለም።

ለምሳሌ ስቲከሩ 1,150 ይላል እንበል። እናትና አባት 330፣ ሦስት ልጆች 270፣ በድምሩ 600 ፓውንድ። ከኋላ የተጫነው ዕቃ 200። ከመኪናው ሥር የታሰረው ሂች (ካምፐሩ የሚያያዝበት ብረት) ራሱ 40። ካምፐሩ ሂቹ ላይ ተጭኖ ወደ መኪናው የሚያወርደው ክብደት ደግሞ 260። ድምሩ 1,100 ሆነ። የቀራችሁ 50 ፓውንድ ብቻ ነው። አያት እኔም ልምጣ ካሉ ሒሳቡ አለቀ። መኪናው 3,500 ይጎትታል የሚለው ቁጥር እዚህ ላይ ምንም አያድናችሁም።

ያ 260 ፓውንድ ታንግ ዌይት የሚሉት ነው። ከካምፐሩ ጠቅላላ ክብደት ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። 2,000 ፓውንድ ካምፐር ከ200 እስከ 300 ፓውንድ ሂቹ ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። ካነሰ ካምፐሩ ፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከባድ ዕቃ ከኋላ ስትጭኑ የሚመጣው ይህ ነው። ብስክሌቶቹን ካምፐሩ ጀርባ ላይ ማንጠልጠል ለምን መጥፎ እንደሆነም እዚህ ላይ ይገባችኋል። ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይወርዳል። የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሪውም ፍሬኑም ይደክማል።

ለቀላል ካምፐር ይህን ክብደት ቤት ባለው የሰው ሚዛን መለካት ይቻላል። ካምፐሩን እንደምትጓዙበት አድርጋችሁ ጫኑ። ደልዳላ ቦታ አቁሙና ጎማዎቹን በታኮ አስይዙ። ሚዛኑ ላይ ጠንካራ ግንድ እንጨት አቁሙ። ቁመቱ የካምፐሩ አፍ (ከሂቹ ጋር የሚገጥመው የፊት ጫፉ) ሂቹ ላይ ሲሆን ከሚኖረው ከፍታ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ጃኩን ቀስ ብላችሁ አውርዱና አፉ እንጨቱ ላይ ይረፍ። የሚዛኑን ቁጥር አንብቡ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሚዛናችሁ እስከ ስንት እንደሚለካ ግን ቀድማችሁ እዩ።

ጠቅላላውን ለማወቅ ካት ስኬል አለላችሁ። ብዙዎቻችን ትራክ የሚነዳ ወንድም ወይም ጓደኛ አለን። እሱን ጠይቁት፣ በደንብ ያውቀዋል። በየትራክ ስቶፑ ያለው ትልቁ ሚዛን ነው። መኪናና ካምፐር ይዞ መግባት ይቻላል፣ ዋጋውም ከ20 ዶላር በታች ነው። የመኪናው የፊት ጎማ አንዱ ጠፍጣፋ ላይ፣ የኋላው ሁለተኛው ላይ፣ የካምፐሩ ጎማ ሦስተኛው ላይ ይቁም። የካምፐሩ ጎማ ላይ የወጣው ቁጥር ሙሉው አለመሆኑን ልብ በሉ። ሂቹ ላይ ያረፈው ሲደመርበት ነው ሙሉ የሚሆነው።

የካምፐሩን ስቲከር ስታነቡ

ካምፐሩ ላይም ስቲከር አለ። እናንተ የምትፈልጉት ቁጥር ጂ.ቪ.ደብሊው.አር (GVWR) የተባለውን ነው። ካምፐሩ ከነጭነቱ ሊደርስ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት ነው። ካምፐሮችን ስታወዳድሩ በዚህ ቁጥር አወዳድሩ። በባዶ ክብደት ስታወዳድሩ ሻጩ የመረጠላችሁን ሜዳ ላይ ትጫወታላችሁ።

ባዶ ክብደት ብዙ ነገር ይተዋል። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ነው። 10 ጋሎን ታንከር ሲሞላ 83 ፓውንድ ይጨምራል። የተለመደው ባለ 20 ፓውንድ የጋዝ ሲሊንደር ሲሞላ ከነቆርቆሮው 37 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ባትሪው ሌላ ከ40 እስከ 50 ነው። ጣሪያው ላይ ኤሲ ካለ ወደ 100 ይጠጋል። የሜሪላንድን የሐምሌ ወበቅ የሚያውቅ ሰው ኤሲውን አይተውም፣ ስለዚህ ቆጥሩት። ውሃውን ግን ካምፑ ጋ ስትደርሱ ሙሉት። ቧንቧ ያለበት ቦታ እየሄዱ 83 ፓውንድ ውሃ ተራራ ማስወጣት ትርፍ የለውም።

ሕጉ የሚለውና ማንዋሉ የሚለው

ካምፐሩ የራሱ ፍሬን ያስፈልገዋል ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ ብዙ ሻጮች የሚመልሱላችሁ በስቴቱ ሕግ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ መስመሩን 3,000 ፓውንድ ላይ አስምረዋል። ካሊፎርኒያ ለካምፕ ትሬለር 1,500 ላይ ታስገድዳለች። ኒው ዮርክ ባዶው ከ1,000 ካለፈ ፍሬን ትጠይቃለች። ተራራው ግን በየትኛውም ስቴት ያው ተራራ ነው። የሚለያየው ሕጉ ብቻ ነው።

የመኪናው ማንዋል ግን ከብዙ ስቴት ሕግ የበለጠ ጥብቅ ነው። ሱባሩ ትሬለሩ ከ1,000 ፓውንድ ካለፈ የራሱ ፍሬን የግድ ነው ይላል። ሆንዳም ከ1,000 ጀምሮ ፍሬን እንዲኖረው ይመክራል። 1,000 ፓውንድ ማለት 454 ኪሎ ገደማ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች የመኪናቸውን ፍሬን ልክ ያውቁታል። እኔ የምከተለው ማንዋሉን ነው፣ እናንተም እሱን እንድትከተሉ ነው የምመክረው። 2,000 ፓውንድ ካምፐር ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ፍሬን መጎተት ሕግ ላይጥስ ይችላል። ፖሊስ አያስቆማችሁም። ዝናብ ባረጠበው ቁልቁለት ከፊታችሁ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ግን ሕጉ አብሯችሁ የለም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቤተሰብ የጫነ ሲዬና 5,300 ፓውንድ አካባቢ ይሆናል። ከኋላው 2,200 ሲጨመር የመኪናው ፍሬን ከለመደው 40 በመቶ በላይ ተጨማሪ ክብደት ማቆም አለበት። ፍጥነት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከ55 ወደ 65 ማይል ስትጨምሩ ፍሬን የሚያጠፋው ጉልበት 40 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን ግፊቱ ነው። ፍሬን የሌለው ካምፐር እናንተ ስትቆሙ እሱ አይቆምም። ከኋላ ይገፋል። ኩርባ ላይ ከሆናችሁ የመኪናውን ኋላ ወደ ጎን ይወስደዋል።

መንገዱም ለውጥ ያመጣል። በሩት 50 ወደ አሳቲግ ባሕር ዳርቻ የሚሄድ ሰው አብዛኛው መንገዱ ሜዳ ነው። በኢንተርስቴት 68 ወደ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ የሚሄድ ግን ከሀንኮክ በኋላ ዳገትና ቁልቁለት ነው የሚጠብቀው። ሼናንዶዋ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ፍጥነቱ 35 ማይል ነው። መውረጃው ግን ረጅም ነው፣ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ሽታው እስኪመጣ ድረስ ያሞቀዋል። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ተራራ የሚወድ ቤተሰብ ከሆናችሁ ስለ ፍሬን የምለውን ሁሉ በእጥፍ አክብዳችሁ ያዙት።

ሰርጅ ወይስ ኤሌክትሪክ?

ሰርጅ ፍሬን የካምፐሩ አፍ ላይ የሚገጠም ነው። መኪናው ሲቀንስ ካምፐሩ ወደፊት ይገፋል። ያ ግፊት ራሱ ማስተር ሲሊንደሩን ይጫንና ፍሬን ይይዛል። ዩ-ሆል የሚያከራያቸው መኪና መጫኛ ትሬለሮች ላይ ያለው ይህ ነው። ድሮ በተሠሩ ፖፕ-አፖች ላይም አልፎ አልፎ ይገኛል። ጥሩ ጎኑ መኪናው ውስጥ ምንም ዕቃ መግጠም አለመጠየቁ ነው። አንዱን ካምፐር ሦስት ቤተሰብ በየተራ የሚጎትተው ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። መኪናው በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ካምፐሩ ያለማቋረጥ ይገፋል። ስለዚህ ፍሬኑ ሳትፈልጉት ይይዛል፣ ይግላል። ወደ ኋላ ዳገት ስትገፉም መቆለፊያ ካልተገጠመለት ይይዝባችኋል። የፍሬን ዘይቱና ቱቦዎቹም ዓመት ሳይዘለል መታየት አለባቸው።

ኤሌክትሪክ ፍሬን ለእኔ የተሻለው ነው። አሠራሩን ማወቅ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሲበላሽ የሚበላሽበት ቦታ ይታወቃል። በየጎማው ታምቡር ውስጥ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ከሚዞረው ታምቡር ጋር ይጣበቅና አብሮ ለመሄድ ይሞክራል። ያ እንቅስቃሴ ክንድ ይገፋል፣ ክንዱ የፍሬን ሸራዎቹን ታምቡሩ ላይ ይጭናቸዋል። ኤሌክትሪኩን የሚልከው መኪናው ውስጥ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ነው። ርካሹ ዓይነት ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር አንድ ዓይነት ኃይል ይልካል። የተሻለው መኪናው ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ ይለካና በዚያው ልክ ይይዛል። ተኮንሻ ፕሮዲጂ ፒ3 የዚህ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ከተማ ውስጥ በየመብራቱ ስትቆሙ ይታወቃችኋል። አንዱ ያንገጫግጫል፣ ሌላው ይለሰልሳል። እዚህ ላይ ጥቂት ዶላር ለማትረፍ አትሞክሩ።

እነዚህ ሁሉ መቆጣጠሪያዎች ወደ ፍሬኑ የሚደርሱት ባለ 7 ፒን ሶኬት በሚሰጠው መስመር ነው። ሲዬናና ራቭ ፎር ላይ የምታገኙት ሶኬት ብዙውን ጊዜ ባለ 4 ፒን ነው። እሱ መብራትና ፍሬቻ ብቻ ያበራል። ስለዚህ መስመር ማዘርጋት አለባችሁ። ሃይብሪድ መኪና ላይ ይህን ሥራ በደንብ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ። ዳሽቦርድ መብሳት የማትፈልጉ ከሆነ እንደ ከርት ኤኮ ያለ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ በስልክ የሚስተካከል አለ። እሱም ቢሆን ኃይሉን የሚያገኘው ከ7 ፒኑ ነው። ሻጩ ገመድ አልባ ነው ሲላችሁ ምንም መስመር አይፈልግም ማለት እንዳይመስላችሁ።

ኤሌክትሪክ ፍሬን ሌላም ጥቅም አለው። ካምፐሩ መወዛወዝ ሲጀምር የመኪናውን ፍሬን ሳትነኩ በመቆጣጠሪያው ቁልፍ የካምፐሩን ብቻ መያዝ ትችላላችሁ። ካምፐሩ ከኋላ ሲይዝ መስመሩ ይቃናል። ሰርጅ ይህን አይችልም። መጠኑን ስታስተካክሉ ባዶ ፓርኪንግ ፈልጉ። በ25 ማይል እየሄዳችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ጎማው ሊቆለፍ ጥቂት ሲቀረው ልኩ ያ ነው። ጭነት ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል። አዲስ ከሆነ ደግሞ የፍሬን ሸራዎቹ ከ200 ማይል በኋላ መስተካከል አለባቸው። ከዚያ በየ3,000 ማይሉ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና «ፍሬኑ አይዝም» ይላል።

አሁን ወደ ካምፐሮቹ

ከሁሉ ቀላሉ ወገን ባዶው ከ1,000 ፓውንድ በታች የሆነው ነው። ኖርዝ ካሮላይና ብሬቫርድ የሚሠራው ሲልቫንስፖርት ጎ 840 ፓውንድ ገደማ ነው። ድንኳን ያለው ትሬለር ነው፣ ኩሽናም መታጠቢያም አትጠብቁ። ለተራው ራቭ ፎርና ለሲአር-ቪ የሚሆነው ይህ ወገን ብቻ ነው። ሻጩ ሌላ ቢያሳያችሁ አመስግናችሁ እለፉ። እሱም ቢሆን ሲጫን 1,000ን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ሰውና አንድ ሁለት ልጅ ለሆናችሁ፣ ዕቃ ለምትቆጥቡ ነው።

ቀጥሎ የሸራ ግድግዳ ያለው የተለመደው ፖፕ-አፕ አለ። ሲከፈት ሁለት አልጋ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። ባዶው ከ1,400 እስከ 2,000 አካባቢ ነው፣ ጭኖ ደግሞ እስከ 2,800። አምስትና ስድስት ሰው ስለሚያስተኛ ለሲዬና ቤተሰብ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ግን ፍሬን የሌላቸው የሚበዙት እዚህ ነው፣ በተለይ ያገለገሉት። ፍሬን ያለው አሮጌና ፍሬን የሌለው አዲስ በአንድ ዋጋ ቢቀርብላችሁ አሮጌውን ውሰዱ። ሸራ ይሰፋል፣ ፍራሽ ይቀየራል።

ሦስተኛው ጠንካራ ግድግዳ ያለው፣ ሲከፈት እንደ ጎጆ ጣሪያ የሚሾለው ነው። ፔንሲልቬኒያ ማውንት ፕሌዘንት የሚሠራው ኤላይነር ይታወቃል። ክብደቱ ከሸራው ጋር ይቀራረባል። ቶሎ ይከፈታል፣ ዝናብ አያስጨንቅም። ድብ ባለበት አካባቢም ይጠቅማል። የሎውስቶን ውስጥ ፊሺንግ ብሪጅ ካምፕ ሸራ ግድግዳ ያለውን አያስገባም። ጉዳቱ ጠባብነቱ ነው። ሦስት ልጅ ላለው አይሆንም። ባልና ሚስት ወይም አንድ ልጅ ላላቸው ግን እኔ ከሸራው እሱን አስቀድማለሁ።

መታጠቢያና የሚንሸራተት ክፍል ያላቸው ትልልቆቹ ፖፕ-አፖች 3,500 ፓውንድ ይደርሳሉ፣ ያልፋሉም። ፍሬን ይዘው ነው የሚመጡት። ሲዬና በወረቀት 3,500 ይጎትታል ብላችሁ እዚህ አትግቡ። ከላይ ያየነው የበር ስቲከር አይፈቅድላችሁም። እነዚህ የባለ ቪ6 ሃይላንደርና ከእሱ በላይ ያሉ መኪኖች ናቸው። ለሲዬና ከነቤተሰብ ጂ.ቪ.ደብሊው.አሩ 2,500 አካባቢ ላይ ብታቆሙ ደስ ይለኛል።

ያገለገለ ስትገዙ

ከሥር ተንበርከኩና በጎማው ውስጠኛ በኩል እዩ። ወደ ታምቡሩ የሚገቡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ካሉ ኤሌክትሪክ ፍሬን አለው። ከሌሉ አክስሉ ጫፍ ላይ አራት ቀዳዳ ያለው ሳህን መሰል ብረት ፈልጉ። እሱ ካለ ፍሬን በብሎን ይገጠማል፣ ዕቃው በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። እሱም ከሌለ አክስል እስከመቀየር ይደርሳል፣ ያን ጊዜ ዋጋው ሌላ ነው። ኩሽኔቶቹ መቼ ግሪስ እንደተደረጉ ጠይቁ፣ በዓመት አንዴ መሆን አለበት። የጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ላዩ አዲስ ቢመስልም ከስድስት ዓመት ያለፈ የትሬለር ጎማ ይቀየር።

መጨረሻ ላይ ከካምፐሩ አፍ አጠገብ ያለችውን ባለ ገመድ ፒን ንቀሉ። ካምፐሩ መንገድ ላይ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን የምታስይዘው እሷ ናት። ባለቤቱ ባትሪውን ይግጠም፣ አንዱን ጎማ በጃክ አንሱ፣ ፒኗን ንቀሉና ጎማውን በእጅ ለማዞር ሞክሩ። መቆለፍ አለበት። ከዞረ ባትሪው ሞቷል፣ ወይም ሽቦ ተቆርጧል፣ ወይም ማግኔቱ አልቋል። ሌላውንም ጎማ እንዲሁ ሞክሩ። ከዚያ ዋጋ ተነጋገሩ።